ጋሽ ኤርጫፎና ተገልብጦ የተገጠመው ቼክ ቫልቭ

በየከተማው አንድ ሰው አለ። ሕዝቡ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ እሱ ቆሞ ጣሪያ ያያል። አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጡትን እንግዳ ትቶ፣ ከመድረኩ ጀርባ በጨርቅ የተሸፈነውን ቧንቧ ገለጥ አድርጎ ይመለከታል። ሠርግ ቤት ሲገባ ሙሽሮቹን ሳያይ የመውጫውን በር ይቆጥራል። እንዲህ ያለ ሰው አዲስ አበባም አለ፣ ወልቂጤም አለ፣ ዱራሜም አይጠፋም። የሆሳዕናው ግን ከሁሉም ይበልጣል ብዬ እከራከራለሁ። መከራከር የምችለውም ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤዎቻቸውን የጻፍኩላቸው እኔ ስለሆንኩ ነው።

ክቡር ጋሽ ኤርጫፎ ሀንዲሶ ይባላሉ። "ክቡር" ያልኳቸው ማንም ስላልሾማቸው ነው፤ የተሾሙት ክቡር የሚላቸው አያጡም። ዕድሜያቸው ስልሳ አራት፣ ቁመታቸው ረጅም፣ ሰውነታቸው ቀጭን ነው። በጋም ሆነ ክረምት ቦት ጫማ ያደርጋሉ። ከደረት ኪሳቸው የእጅ ባትሪ አይጠፋም። ቆላ አገር በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ወደ ሆሳዕና ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የከተማዋን የእሳት ማጥፊያ ቧንቧ ሁሉ፣ ማንም ሳይለምናቸው፣ በራሳቸው ኃላፊነት ሥር አደረጉት።

ለዓለም ያላቸው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ "ተገጥሟል ወይስ ተፈትኗል?"

"ተገጥሟል" ካልካቸው አለቀልህ። "መገጠሙንማ አያለሁ" ብለው ወንበር ይስባሉ።

ቤተ ክርስቲያናቸው አዲስ አዳራሽ ባስመረቀ ሰሞን፣ በምስክርነት ሰዓት እጃቸውን አወጡ ይባላል። በሕዝብ ፊት ተናግረው ስለማያውቁ ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ማይክ አቀበሏቸው። ጋሽ ኤርጫፎም ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ "ጌታ የተመሰገነ ይሁን። ከበሩ በስተግራ የተሰቀለው የእሳት ማጥፊያ ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመቱ ነው" አሉና ተቀመጡ። ግማሹ ምዕመን በልማድ አሜን አለ።

የጀማል የሕንፃ መሣሪያ መደብርስ ቢሆን መቼ ተረፈ። ጀማል ጨዋ ነጋዴ ነው፤ ሰው አያባርርም። እሳቸው ግን ቼክ ቫልቭ የሚባሉትን የቧንቧ መዝጊያዎች ከመደርደሪያ አንድ በአንድ እያወረዱ፣ በአንዱ አፍ ነፋ፣ አገላብጠው በሌላው አፍ ነፋ ያደርጋሉ። በአንድ በኩል ትንፋሻቸው ካለፈና በሌላው በኩል ከተዘጋ ራሳቸውን ነቅንቀው ይመልሱታል። በሁለቱም በኩል ካለፈ ለብቻው ያስቀምጡታል። አይገዙም።

"ጋሼ" አላቸው ጀማል አንድ ቀን፣ "ይሄ እኮ ዋሽንት አይደለም።"

"ዋሽንት ቢሆንማ ቢበላሽ ማን ይሞታል?" ብለው ቀጣዩን አነሡ።

ወደ እኔ የመጡት በደብዳቤ ምክንያት ነው። የወይዘሮ ትርፊት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። አንድ ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ገብተው ከፊቴ ተቀመጡና፣ ቦት ጫማቸውን አጋጥመው "ጻፊ" አሉኝ። "ጉዳዩ፦ የሕዝብ አዳራሾችን የእሳት ማጥፊያ ውኃ መስመር ስለመፈተን።" ጻፍኩ። ጽፌ ስጨርስ ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ አስጨመሩና "እንደገና" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በየማክሰኞው መጡ። ደብዳቤዎቹን ወደ ቢሮዎች ይወስዳሉ፤ ቢሮዎቹ ተቀብለው መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ፤ መልስ የለም። በሚቀጥለው ማክሰኞ "ቀደም ሲል በጻፍኩት ደብዳቤ እንደገለጽኩት" የሚል ሌላ ደብዳቤ ይወለዳል። ለባልንጀሮቼ እያወራሁ አስቅባቸው ነበር። ባልንጀሮቼ ያልኳቸው በስልክ የማገኛቸውን ነው። እኔ የአንጋጫ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ታናሽ እህቴ ሀዋሳ አግብታ ሄደች፣ እኔ ለሥራ ሆሳዕና ቀረሁ። ቤቴ ከአምቦላንስ ድምፅና ከጎረቤት ቴሌቪዥን በቀር የሰው ንግግር አይሰማበትም። ምሳዬንም እዚያው ሱቅ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቼ እበላለሁ። ይህን ያኔ ለማንም አላወራሁትም፤ አያስቅማ።

አንድ ማክሰኞ ደብዳቤው ካለቀ በኋላ አየር ልውሰድ ብለው ወደ ጣሪያው ወጡ። ሲመለሱ ጉልበታቸው አቧራ ለብሷል።

"ጣቢታ" አሉኝ፣ "ላይ ያለው ቀስት ወደ ሰማይ ያያል።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ ለመረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። በሕንፃው ጣሪያ ላይ ለእሳት ብቻ ውኃ የሚያጠራቅም ትልቅ ሮቶ አለ። ከሮቶው የወረደ ቀይ ቧንቧ በየፎቁ ከቆመው የጎማ ሳጥን ጋር ይገናኛል፤ እሳት ቢነሣ ጎማውን ፈትተህ ቧንቧውን ትከፍታለህ፣ ውኃው ከላይ ይወርድልሃል። ከታች በመንገዱ በኩል ደግሞ የእሳት አደጋ መኪና መጥቶ ውኃ የሚገፋበት አፍ አለ። መኪናው የገፋው ውኃ በየፎቁ ጎማ መውጣቱን ትቶ ሽቅብ ሮቶው ውስጥ እንዳይገባ፣ ከሮቶው ሥር ቼክ ቫልቭ ይገጠማል። ቼክ ቫልቭ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት በር ነው። ውኃው ወደ ታች ሲሄድ ይከፈትለታል፤ ልመለስ ሲል ይዘጋበታል። የሚከፈትበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ጀርባው ላይ ተቀርጿል። የእኛ ሕንፃ ቀስት ወደ ላይ ያይ ነበር።

"ስለዚህ?" አልኳቸው።

"ስለዚህ ከሮቶው ጠብታ አይወርድም። መኪናውም ቢመጣ የሚገፋው ውኃ ሮቶውን ሞልቶ በጣሪያው ላይ ይፈሳል። ሰው ከታች ሆኖ ውኃው ሲፈስ እያየ ይቃጠላል።"

ወይዘሮ ትርፊት በቅቤ ንግድ የታወቁ፣ ያንን ሕንፃ ከመሠረቱ እስከ ቆርቆሮው ቆመው ያሠሩ ሴት ናቸው። ሰው ሕንፃቸውን ሲነካ ልጃቸውን የነካ ያህል ነው። ጋሽ ኤርጫፎ ደብዳቤውን በእጃቸው ሲሰጧቸው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ይህን አልክድም።

"የምስክር ወረቀት አለኝ" አሉ። "በፍሬም ተሰቅሏል። ሲገቡ አላዩትም?"

"አይቼዋለሁ።"

"የተማሩ ልጆች ናቸው የፈረሙት።"

"መፈረማቸውንማ አያለሁ" አሉ ጋሽ ኤርጫፎ።

ወይዘሮ ትርፊት ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱትና ዘበኛውን ጠርተው፣ እኚህ ሰውዬ ወደ ጣሪያ እንዳይወጡ አሉት። ጋሽ ኤርጫፎም ከዚያ በኋላ ወደ ጣሪያ አልወጡም። በየማክሰኞው መጥተው ስለዚያው ቫልቭ አስጻፉኝ እንጂ። ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ስምንተኛው ደብዳቤ። "በተቃራኒው የተገጠመውን ቼክ ቫልቭ ይመለከታል" የሚለውን አርዕስት እጄ ሳላየው ይጽፈው ጀመር።

ዘጠነኛውን ስንጽፍ መብራት ጠፋ። ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። እሳቸው አልተነሡም፤ እኔም ሂዱ አላልኳቸውም። ከራሳችን በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ አፀደ ሕፃናት አለ። ትምህርት ቢዘጋም ለክረምት የሚመጡ ሠላሳ ያህል ልጆች ነበሩ፤ ከጣሪያችን በላይ ሲሮጡ ኮቴያቸው ይሰማል።

"ጋሼ" አልኳቸው፣ "እንዲያው ሰው እንደማይሰማ እያወቁ ለምን አይተዉትም?"

እሳቸው በሀዲይሳ፣ እኔ በከምባትኛ ያደግን ነን፤ አማርኛ ለሁለታችንም ከቤት ስንወጣ የምንለብሰው ነው። ያን ቀን ግን ቃል ሳይፈልጉ ነው የተናገሩት።

"ፋብሪካው ውስጥ በየስድስት ወሩ የእሳት መስመሩን እንፈትናለን" አሉ። "አሥራ አንድ ቫልቭ ነው። እያንዳንዱ ይከፈታል፣ ውኃ ይፈሳል፣ ይዘጋል፣ ቅጹ ላይ ይፈረማል። ሁለት ቀን ይፈጃል። አንድ ጊዜ እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ። አለቃዬ ቅጹን አምጥቶ፣ ባለፈው ሠርቷል አይደል፣ ፈርምበት አለኝ። ፈረምኩ።"

ዝናቡን አዩ።

"በአራተኛው ወር የጆንያ መጋዘኑ ተቃጠለ። ጎማውን ዘረጋን፤ ውኃ የለም። የአንዱ ቫልቭ ምላስ ዝጎ ተጣብቆ ኖሯል። ሎምበሶ የሚባል የመጋዘን ሠራተኛ ውስጥ ነበረ። በሦስተኛው ቀን አረፈ።"

"ታዲያ እርስዎን ምን አሉዎት?"

"ምንም። የእሳቱ መነሻ ኤሌክትሪክ ነው ተብሎ ተጻፈ። ቅጹን ማንም አልጠየቀም። እኔም አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት እዚያው ሠራሁ።" ቦት ጫማቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ። "ለባለቤቴም አልነገርኳትም። ሳልነግራት ሞተች። ልጆቼ ደቡብ አፍሪካ ናቸው፣ ይሄ በስልክ አይነገርም። አንቺ ነሽ የመጀመሪያዋ።"

መብራቱ መጣ። ደብዳቤውን አልጨረስነውም። እንደሄዱ እኔ ወደ ወይዘሮ ትርፊት ቢሮ ወረድኩ።

"እትዬ" አልኳቸው፣ "አንድ እሁድ ይስጡን። ጎማው ይከፈት። ውኃ ከመጣ ስለዚህ ሕንፃ ሁለተኛ አንድ መስመር አልጽፍላቸውም።"

"ሰውየው አንቺንም ለከፉሽ?"

"ልጆቹ ከራሴ በላይ ነው የሚሮጡት፣ እትዬ።"

ወይዘሮ ትርፊት እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የልጃቸው ልጅም እዚያ አፀደ ሕፃናት እንደሚውል ሁለታችንም እናውቃለን። "እሁድ" አሉ፣ "ከአምልኮ በኋላ። እኔ ራሴ እመጣለሁ።"

እሁድ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አራት ሆነን ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቆምን፦ ወይዘሮ ትርፊት በቤተ ክርስቲያን ልብሳቸው፣ ዘበኛው፣ እኔ፣ ጋሽ ኤርጫፎ። እሳቸው ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈዋል። የቀዩን ሳጥን መስታወት ከፍተው ጎማውን በደረጃው ላይ ዘረጉ፤ አፉን በመስኮት በኩል ወደ ጓሮው አስያዙኝ።

"አጥብቀሽ ያዢ" አሉኝ። "ከመጣ ይገፋል።"

መዝጊያውን አዞሩ። ጎማው አንዴ ሳል አለ። ዝገት የመሰለ ትንሽ ውኃ ተፋና ጸጥ አለ። ጋሽ ኤርጫፎ መዝጊያውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ምንም የለም። እጄ ላይ ያለው ጎማ እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለ።

ጋሽ ኤርጫፎ ልክ መሆናቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ትክክል ሆነው የሚደሰቱበትን ቀን የሚጠብቁ ይመስለኝ ነበር። ፊታቸውን ሳየው ግን የተሳሳቱ ቢሆኑ በስንት ጣዕሙ ይል ነበር።

ወይዘሮ ትርፊት በነጭ ልብሳቸው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ቀና ብለው ቀዩን ሳጥን አዩ።

"ሦስት ዓመት" አሉ። "ሦስት ዓመት እያየሁት ወጣሁ፣ ወረድኩ።" ቀጥለው፣ "አሁን ምን ይደረግ?" ብለው ጠየቁ። ጋሽ ኤርጫፎን እንዲያ ብሎ የጠየቀ ሰው በሆሳዕና ምድር ሰምቼ አላውቅም።

ሥራው ከባድ አልነበረም። ከሮቶው ሥር ያለው መዝጊያ ተዘጋ፣ ብሎኖቹ ተፈቱ፣ ቫልቩ ወጣ። ጋሽ ኤርጫፎ አገላብጠው በሁለቱም አፍ ነፉበት፤ ጤነኛ ነው። የተሳሳተው የገጠመው ሰው እንጂ ብረቱ አይደለም። ችግሩ በመጋጠሚያው መሐል የሚገባው የጎማ ቀለበት ሲፈታ መቀደዱ ነው። ዘበኛው የብስክሌት ካላማዳሪያ ቆርጠን እናድርግበት አለ። ጋሽ ኤርጫፎ ዘወር ብለው ሲያዩት ሐሳቡን ተወው።

እሁድ በከተማችን ከሚከፈቱት ጥቂት ሱቆች አንዱ የጀማል ነው። እኔ በባጃጅ ሄድኩ። ለማን እንደሆነ ስነግረው ጀማል መጋዘኑ ገብቶ ሦስት ዓይነት አወጣልኝ። "የፈለጉትን ይምረጡ፣ የቀረውን መልሺ" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ውኃው እውነት አልመጣም?" አለኝ። አልመጣም አልኩት። "እነዚያ ለብቻቸው ያስቀመጧቸው ቫልቮች" አለ፣ "አልሸጥኳቸውም። ታች ነው ያሉት።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀስቱ ወደ ታች አየ። ደግመን ደረጃው ላይ ቆምን፣ ደግሜ ጎማውን ያዝኩ። ሳል የለም። መጀመሪያ ጎማው እጄ ውስጥ አበጠ፤ ከዚያ እኔን ወደ ኋላ ገፍቶኝ፣ ከመስኮቱ አምልጦ፣ ኮሪደሩን፣ ደረጃውንና የወይዘሮ ትርፊትን ነጭ ቀሚስ አጠበው። ሱቄ በር ሥር የነበረ አንድ ካርቶን ወረቀት ገንፎ ሆነ። ዘበኛው ብቻውን ሳቀ። ጋሽ ኤርጫፎ መዝጊያውን ዘጉ፣ እጃቸውንም ቧንቧው ላይ እንዳደረጉ ቆዩ።

ወይዘሮ ትርፊት ውኃቸውን እያንጠባጠቡ መጡ። "ጋሽ ኤርጫፎ፣ ይቅር ይበሉኝ" አሉ።

"እኔን አይደለም" አሉ እሳቸው በቀስታ። ማንን እንደሆነ አልተናገሩም። ወይዘሮ ትርፊትም አልጠየቁም። በማግስቱ ግን የተሰቀለው የምስክር ወረቀት ከግድግዳው ወርዶ ምስማሩ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ሆነ። ጋሽ ኤርጫፎ አልመጡም። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል አልኩ። በሁለተኛው ማክሰኞ ሰው ሲወጣ የደረጃውን ድምፅ አዳመጥኩ፤ የቦት ጫማ ኮቴ አልነበረም። በሦስተኛው ማክሰኞ የዱሮ ደብዳቤዎቻቸውን ከፍቼ አንዱን ጮክ ብዬ ሳነብ ራሴን ያዝኩት። ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም። ስጨርስ ሱቁን ዘጋሁና አድራሻቸውን ከደብዳቤው አናት ላይ አንብቤ ሄድኩ።

ቤታቸው ልጆቻቸው ያሠሩላቸው ንጹሕ ቤት ነው። በሩ ክፍት ስለነበር አሳልፌ አየሁ፦ ሁለት መኝታ ክፍል፣ ሁለት የተነጠፈ አልጋ፣ አልጋ ልብሱ ላይ የመጣበት ፕላስቲክ ገና አልተነሣም። ደቡብ አፍሪካ ያሉት ልጆቻቸው አዶናይና ሆሴዕ ሲመጡ የሚተኙበት ነው። ሆሴዕ ከሄደ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ጋሽ ኤርጫፎ በረንዳው ላይ፣ ቦት ጫማቸውን አድርገው፣ የትም እንደማይሄድ ሰው ተቀምጠዋል።

"አሞዎት ነው?" አልኳቸው።

"ደኅና ነኝ።"

"ታዲያ ምነው ጠፉ?"

ጥያቄው ግራ የገባቸው መሰለ። "ጉዳይ የለኝም" አሉ። "ቫልቩ ተስተካክሏል። ወይዘሮ ትርፊት የሌሎቹን ሕንፃ ባለቤቶች ጠርተው ሊያስፈትሹ ነው አሉ፤ ጀማልም አብሮ ይዞራል። ምን ብዬ አስጽፋለሁ?"

"ጉዳይ ከሌለ አይመጣም?"

"ሰው ያለ ጉዳይ ምን ብሎ ይገባል፣ ልጄ?"

ይህን ሲሉ አላለቀሱም፤ ድምፃቸውም አልተለወጠም። የቫልቭ አሠራር እንደሚያስረዱ ሆነው ነው የተናገሩት። እኔ ግን ከአንጋጫ ከወጣሁ ጀምሮ በዚች ከተማ የሰው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ልግባ፣ ልመለስ ያልኩባቸው ቀኖች ሁሉ አንድ ላይ መጡብኝ። ሁልጊዜም የተመለስኩት በዚሁ ምክንያት ነበር።

"ምሳ ብሎ ይገባል" አልኳቸው። "ነገ ስድስት ሰዓት ተኩል። ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል።"

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ መጡ። የሥራ ሸሚዛቸውን ሳይሆን የእሁዱን ለብሰዋል። ኮምፒውተሩን ዘግቼ የወረቀት ካርቶን በመሐላችን ጎተትኩና ቆጮውን፣ ጎመኑንና አይቡን አቀረብኩ። እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ጸሎት ጀመሩ። በሀዲይሳ ነው የጸለዩት፤ ከሦስት ቃል አንዱን እንኳ በወጉ አልይዝም። ስሞቹን ግን ለየሁ። አዶናይ አሉ። ሆሴዕ አሉ። ቀጥለው ሎምበሶ አሉ፤ እኔም ዓይኔን አልገለጥኩም።

ጨረሱ ብዬ አሜን ልል ስል ጣቢታ አሉ፤ ስለ ጣቢታም ብዙ ተናገሩ። ምን ብለው እንደለመኑልኝ አላውቅም። ጎመኑ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ግን አላቋረጥኳቸውም።